በዕድሜ የገፉ ሕሙማን የላይኛው አንገት ስብራት፦ እንዴት እንደሚጠረጠር፣ እንደሚመረመርና እንደሚታከም

ከመንዝ፣ ከጣርማበር ወይም ከአንኮበር ደጋ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ አዛውንት አንገታቸውን አመመን ብለው የሚመጡት ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ግንባራቸው ተሰንጥቆ፣ ቅንድባቸው አብጦ ወይም አፍንጫቸው ደምቶ ነው፤ ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ውርጭ የያዘው ድንጋይ አንሸራቷቸው፣ ከመደብ ሲወርዱ እግራቸው ስቶ ወይም የበሩ ደፍ አደናቅፏቸው በፊታቸው ተደፍተዋል። ቁስሉ ይታጠባል፣ ይሰፋል፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ይሰጣል፣ ከዚያም ሕመምተኛው ማስታገሻ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ። ግንባርን የሰነጠቀው ኃይል ጭንቅላትን ወደ ኋላ ገፍቶ አንገትን ሰብሮ ሊሆን እንደሚችል ሳይታሰብ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎችና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ስለ ማጓጓዝና ስለ ቤት እንክብካቤ የተጻፈው ክፍል ግን አስታማሚ ቤተሰብንም ይመለከታል። ጸሐፊው የሚያምንበት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ስብራቱን በመጠርጠር ረገድ ከልክ በላይ መጠንቀቅ አያስወቅስም፤ በማከም ረገድ ግን የሚታከመው ሰውየው እንጂ የራጅ ፊልሙ ስላልሆነ፣ ከባዱ ሕክምና ሁልጊዜ የተሻለው ሕክምና አይደለም።

ስብራቱ ለምን በዚህ ዕድሜ ይበዛል

የአንገት አከርካሪ ሰባት አጥንቶች አሉት። የመጀመሪያው አትላስ የሚባለው ቀለበት ሲሆን የራስ ቅልን ይሸከማል፤ ሁለተኛው አክሲስ ደግሞ ዴንስ የተባለ ወደ ላይ የቆመ ጉጥ አለው። አንገታችን ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር የእንቅስቃሴው ግማሽ ያህል የሚከናወነው አትላስ በዚህ ጉጥ ዙሪያ ሲዞር ነው። ዕድሜ ሲገፋ የታችኛው አንገት መገጣጠሚያዎች በብግነትና በመበላት ይደርቃሉ፤ እንቅስቃሴው በላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ላይ ይከማቻል፤ በዚያው ላይ የአጥንት መሳሳት የዴንስን ሥር ያዳክማል። ስለዚህ ወጣትን ለመስበር የመኪና መገልበጥ የሚያህል ኃይል የሚጠይቀው አጥንት፣ በአዛውንት ላይ ከቁመት በመውደቅ ብቻ ይሰበራል። ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ከአንገት ስብራቶች ሁሉ በብዛት የሚታየውም የዴንስ ስብራት ነው።

በዚህ ከፍታ የአከርካሪው ቦይ ሰፊ ነው። በአትላስ ቀለበት ውስጥ አንድ ሦስተኛውን ዴንስ፣ አንድ ሦስተኛውን ኅብለ ሰረሰር ይይዙታል፤ ቀሪው ሦስተኛ ባዶ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ እጅና እግር ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ «በእግራቸው መጥተዋል» የሚለው የካርድ ላይ ጽሑፍም ስብራት አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ጥርጣሬ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው

የአገራችን አዛውንት ሕመማቸውን አሳንሰው መናገር ልማዳቸው ነው። «እማማ፣ አንገትዎን ያምዎታል?» ሲባሉ «ኧረ ምንም አይል፣ ትንሽ ማጅራቴን ያዝ አድርጎኛል እንጂ፤ ብርድ ነው» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ከዚህ መልስ በላይ ሁኔታቸውን መመልከት ይጠቅማል። ከተኙበት ሊነሱ ሲሉ ሁለት እጃቸውን ከአገጫቸውና ከኋላ ጭንቅላታቸው ሥር አድርገው ራሳቸውን ደግፈው የሚነሱ፣ ወይም ጎን ያለ ሰው ሲጠራቸው አንገታቸውን ትተው በመላ አካላታቸው የሚዞሩ ከሆነ፣ ሌላ ማስረጃ ሳይጠበቅ አንገቱ ሊደገፍ ይገባዋል። ከማጅራት ተነሥቶ ወደ ኋላ ጭንቅላት የሚወጣ ሕመምም በሁለተኛው የአንገት ነርቭ መነካት ሊመጣ ስለሚችል፣ እንደ ተራ ራስ ምታት መታየት የለበትም።

ኔክሰስ የሚባለው መመዘኛ በአጥንቱ መሐል ላይ ሕመም አለመኖሩን፣ የነርቭ ጉድለት አለመኖሩን፣ ንቃት ሙሉ መሆኑን፣ ስካር አለመኖሩንና ትኩረትን የሚስብ ሌላ ጉዳት አለመኖሩን አይቶ የራጅ ፎቶ አያስፈልግም የሚል ውሳኔ ይሰጣል። ለወጣት ይጠቅማል፤ በአዛውንት ላይ ግን አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። የካናዳ የአንገት ደንብ የተባለው ሌላው መመዘኛ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆንን ራሱን የከፍተኛ ሥጋት ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በእንዲህ ያለው አደጋ ምስል እንዲነሣ ያዝዛል። ለእኛ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው። የመርሳት ችግር ያለባቸው ወይም በበዓል ቀን አረቄ ቀምሰው የወደቁ ሰው የሚሰጡት «አላመመኝም» የሚል መልስ ደግሞ በምንም መመዘኛ አይቆጠርም። አንገቱን አዙሩት ወይም አቀርቅሩ ብሎ መፈተን ፈጽሞ አይገባም።

የወደቁበት ምክንያትም በዚያው ሰዓት ይጠየቃል። ተደናቀፉ ወይስ ዓይናቸው ጨለመባቸው? የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳሉ? ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ጭንቅላት ውስጥ ደም የመፍሰሱ ዕድል ስለሚጨምር፣ የጭንቅላትና የአንገት ምርመራው በአንድ ጉዞ መሠራት አለበት።

በአካል ምርመራ ጊዜ አተነፋፈስ ይቀድማል፤ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የአንገት ክፍል ስለሚነሣ የላይኛው ኅብለ ሰረሰር ጉዳት ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በዚያና ከዚያ በላይ ባሉ ደጋዎች የኦክስጅን መለኪያው ከቆላው ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ቁጥር ብቻ አይቶ ከመደናገጥም ከመዘናጋትም በየሰዓቱ ያለውን ለውጥ መከታተል ይሻላል። ቀጥሎ የእጅ ጭብጥ፣ የክንድና የእግር ጉልበት፣ የቆዳ ስሜት፣ ሽንትና ሰገራን የመቆጣጠር ችሎታ ይታያል። እጆች ከእግሮች ይበልጥ ደክመው ከተገኙ የኅብለ ሰረሰሩ መሐል ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የደረቀ አንገት ባላቸው አዛውንት ላይ የሚታወቅ ሁኔታ ነው። የደም ግፊት ወርዶ የልብ ምት አለመፍጠኑ የነርቭ ሾክን (በኅብለ ሰረሰር ጉዳት የሚመጣ የደም ዝውውር መድከምን) ያሳስባል፤ ይሁን እንጂ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ደም ሲፈስሳቸውም ምታቸው ላይፈጥን ይችላል። የተገኘው ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዝገብ፤ ተቀባዩ ሐኪም ድክመቱ እየጨመረ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ከዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው።

አንገትን መደገፍና ማጓጓዝ

ብዙ የገጠር አዛውንት ጀርባቸው የጎበጠ ነው። እንዲህ ያሉትን ሰው በጠፍጣፋ ቃሬዛ ላይ ጋደም አድርጎ ጭንቅላታቸው እንጨቱን እስኪነካ ወደ ኋላ መልቀቅ፣ ተሰብሮ በቦታው የቆየን ዴንስ ሊያንሸራትት ይችላል። ትክክለኛው አያያዝ ጭንቅላቱ ከአደጋው በፊት በነበረበት አቀማመጥ እንዲቆይ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መደልደል ነው፤ ውፍረቱ የሚወሰነው በጉብጠቱ መጠን ነው፤ አንዳንዴ አንድ እጥፍ ይበቃል፣ አንዳንዴ ሦስትና አራት እጥፍ ያስፈልጋል። የልማዳቸውን አቀማመጥ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት አብረዋቸው የሚኖሩት ናቸውና «ድሮ ሲተኙ ስንት ትራስ ነበር የሚያደርጉት?» ብሎ ቤተሰብን መጠየቅ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ጠንካራ የአንገት ኮላር (አንገትን ከብቦ የሚደግፍ ማሰሪያ) የሚደረገው ከቅርጻቸው ጋር ሲስማማ ብቻ ነው። ካልተስማማ በግድ ከማሰር ይልቅ፣ በሁለት ጆሮ በኩል የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጎ ግንባርን በፕላስተር ከቃሬዛው ጋር ማያያዝ የተሻለ ነው። ለማገላበጥ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ጭንቅላቱን ብቻ ይዞ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ሦስቱ ትከሻን፣ ወገብንና እግርን ይዘው በእርሱ ቁጥር አብረው ያዞራሉ። ጠንካራው ሰሌዳ ለማንሣትና ለማውረድ ብቻ ያገለግላል፤ በዚያ ላይ ረጅም ሰዓት የቆየ ስስ ቆዳ ይቆስላል። አምቡላንስ ከታጣ በሚኒባስ የፊት ወንበር አስቀምጦ ከመውሰድ፣ ቃሬዛ የሚያስተኛ መኪና መጠበቅ ይመረጣል።

ወጌሻን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በአካባቢያችን ወጌሻ የወለቀ ትከሻና የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ሲያቃና የኖረ፣ ሰው የሚያምነው ባለሙያ ነው፤ እርሱን ማንቋሸሽ ሕመምተኛውን ከእኛ ከማራቅ በቀር ጥቅም የለውም። ነገር ግን ከመውደቅ በኋላ የታመመ አንገት በቅቤ መታሸትም፣ መጎተትም፣ መጠምዘዝም የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የየቀበሌውን ወጌሻ አስቀድመው አግኝተው «አንገት ሲመጣብህ ሳትነካ ወደ እኛ ላክ» ብለው ቢስማሙ፣ ሕመምተኛው ከመጣ በኋላ ከሚሰጥ ተግሣጽ ይበልጥ ይሠራል።

ምስል ማንበብ

የሚመረጠው ምርመራ አጥንቱን በስስ ቁርጥ በቁርጥ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከአጣዬ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ከመላክ በፊት፣ ተቀባዩ ሆስፒታል ያለው ማሽን በዚያን ቀን እየሠራ መሆኑን በስልክ ማረጋገጥ አንድን አዛውንት ሁለት ጊዜ ከመንገላታት ያድናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱና የመድን ደብተሩ አብረው መሄዳቸው ይታይ፤ በዚህ ምክንያት በር ላይ የሚጠፋው ሰዓት ቀላል አይደለም።

ሲቲ እስኪገኝ ራጅ ማንሣት ይቻላል፤ የጎን፣ የፊት ለፊትና አፍ ተከፍቶ የሚነሣው ሦስቱም ያስፈልጋሉ። በጎን ፊልሙ ላይ ከሁለተኛው አጥንት ፊት ያለው ለስላሳ ሥጋ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ወይም በአትላስ የፊት ቅስትና በዴንስ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጉዳት አለ ተብሎ ይወሰድ። አፍ ተከፍቶ በተነሣው ላይ የአትላስ ሁለት ጎኖች ከአክሲስ ጠርዝ ወደ ውጭ የወጡበት ርቀት ተደምሮ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ዴንስን የሚያቅፈው አግድም ጅማት የመበጠሱ ጥርጣሬ ከፍተኛ ነው። በዚሁ ፊልም ላይ የጥርስ ወይም የአትላስ ቅስት ጥላ በዴንስ ሥር አልፎ ስብራት የሚመስል መስመር ሊሠራ ይችላል፤ መስመሩ ከአጥንቱ ጠርዝ ውጭ ከቀጠለ ጥላ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መታወስ ያለበት፣ በተበላና በሳሳ አጥንት ላይ ንጹሕ የመሰለ ራጅ ስብራት የለም ለማለት እንደማያበቃ ነው።

ሲቲው ሲደርስ የጎንና የፊት ለፊት ቁርጦቹ ሁለቱም ይታዩ፤ አግድም የተሰበረ ዴንስ በአግድም ቁርጥ ብቻ ሊያመልጥ ይችላል። የተሰበረው ክፍል ስንት ሚሊ ሜትር እንደተንሸራተተ፣ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ እንደሄደ፣ ስንት ዲግሪ እንዳጋደለ ይለካ። አንድ ስብራት ከተገኘ በኋላ ፍለጋው አይቁም፤ የአትላስና የአክሲስ ስብራት አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው፣ በታችኛው አከርካሪ ላይም ሌላ ሊኖር ይችላል። ስብራቱ የአከርካሪ የደም ሥር የሚያልፍበትን ቀዳዳ ከነካ የደም ሥር ምርመራ ይታከልበታል። ጠርዙ የለሰለሰና የነጣ ሆኖ ከተገኘ ስብራቱ የቆየ ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቁ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኅብለ ሰረሰርንና ጅማትን በማግኔት የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚፈለገው በዋናነት የነርቭ ድክመት ሲኖር ወይም የጅማት መበጠስ ሲጠረጠር ነው።

ከ1974 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአንደርሰንና የዳሎንዞ አመዳደብ የዴንስን ስብራት በሦስት ይከፍላል። አንደኛው ጫፉን ብቻ የሚነካ ብርቅ ዓይነት ነው፤ ሲገኝ የራስ ቅልና የአንገት መጋጠሚያ አለመላቀቁ ይረጋገጥ። ሁለተኛው በጉጡ ሥር የሚያልፈው ሲሆን በአዛውንት ላይ የሚበዛውም፣ ለመግጠም የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። ሦስተኛው ወደ አክሲስ አካል የሚወርድ ነው፤ ሰፊና ደም የሚደርሰው አጥንት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በኮላር ይገጥማል።

ምን ዓይነት ሕክምና፣ ለማን

ኅብለ ሰረሰሩ ለተጎዳባቸው፣ ድክመታቸው እየባሰ ለሚሄድ፣ አግድም ጅማቱ ለተበጠሰባቸው ወይም ስብራቱ በኮላር ሊያዝ በማይችል መጠን ለተንቀሳቀሰባቸው ሕሙማን፣ ማደንዘዣውን የሚቋቋም አቅም ካላቸው፣ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሳይውል ሳያድር ሊያማክራቸው ይገባል። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መንሸራተት፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ ከ10 ዲግሪ በላይ ማጋደልና የሕክምና መዘግየት አጥንቱ ያለመግጠሙን ዕድል ይጨምራሉ። ለአዛውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ከኋላ በኩል አትላስንና አክሲስን በብሎንና በዘንግ ማያያዝ ነው። ዋጋው ከአንገት መዞር ግማሽ ያህሉን ማጣት መሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸው። ከፊት በኩል በዴንሱ ውስጥ ብሎን መስደድ ለወጣት አጥንት የሚያምር ሥራ ነው፤ የሳሳ አጥንት ግን ብሎኑን በደንብ አይዝም፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣው የመዋጥ ችግርም በዚህ ዕድሜ ይከብዳል።

ለቀሩት፣ በተለይም አስቀድሞ ለደከሙና ሌላ በሽታ ለተደራረበባቸው፣ ጠንካራ ኮላር ለ6 እስከ 12 ሳምንት ማድረግ ተገቢ ሕክምና ነው። በሁለተኛው ዓይነት ስብራት በዚህ መንገድ አጥንት ለአጥንት ላይገጥም ይችላል። ነገር ግን በመካከሉ የተፈጠረው ጠባሳ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሕመምና ድክመትም ከሌለ፣ ሰውየው በዚያው ዕድሜያቸውን ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ፊልሙ ላይ የቀረውን መስመር ለማጥፋት ብቻ የ85 ዓመት አዛውንትን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማስገባት በጸሐፊው ግምት አይመከርም። የራስ ቅልን በብሎን የሚይዘው የሃሎ ማሰሪያም ለአዛውንት አይመረጥም፤ የሳንባ ምችና የመዋጥ ችግር ያስከትላል።

ለቤተሰብ ሐቁ ይነገር። የዚህ ስብራት የሞት አደጋ ከዳሌ ስብራት ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለውም አንገቱ ሳይሆን ተኝቶ መቅረቱ የሚያመጣው የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የምግብ እጦት ነው።

በኮላር የሚያልፉት ሳምንታት

ስለዚህ ኮላሩ በትክክል ከገባና ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ሕመምተኛው በተቻለ ፍጥነት ቀና ብለው እንዲቀመጡ፣ ከዚያም ተደግፈው እንዲራመዱ ይደረግ። ለሕመም ፓራሲታሞል በመደበኛ ሰዓት ይሰጥ፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ መጠኑ ይቀነስ። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ኩላሊትንና ጨጓራን ስለሚጎዱ አይዘውተሩ። ትራማዶል ካስፈለገ በትንሹ ይጀመር፤ መቃዠትና የሆድ ድርቀት ያመጣል። ሌሊት የሚቃዡ አዛውንት ኮላሩን ሊያወልቁት ስለሚችሉ፣ የሚያውቁት ሰው ከጎናቸው ማደሩ ከማስተኛ መድኃኒት ይበልጣል።

ቆዳን በየቀኑ ማየት ግድ ነው፦ አገጭ፣ የኋላ ጭንቅላት፣ ከአንገት ሥር ከትከሻ ወደ ደረት የሚሄደው አጥንትና ከጆሮ ሥር። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው በጀርባቸው ጋደም ብለው አንዱ ጭንቅላታቸውን ሳያንቀሳቅስ ይይዛል፣ ሌላው የኮላሩን የፊት ክፍል አንሥቶ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ሽፋኑን ይቀይራል። የሻሽ ቋጠሮ ወይም ሹሩባ ከኮላሩ ሥር ካለ በአንድ ሌሊት ሊያቆስል ይችላል፤ ሻሹ ከፊት ይቋጠር፣ ሹሩባውም በፈቃዳቸው ይፈታ። ማተብም እንዲሁ ነው፤ ክሩና መስቀሉ ከጠንካራው ፕላስቲክ ሥር ተጣብቀው ይቀራሉ። መቁረጥ ሳያስፈልግ፣ እርሳቸውን አስፈቅዶ በእጃቸው አንጓ ላይ ማሰር ይቻላል።

ከመጀመሪያው ምግብ በፊት ቀና ብለው በማንኪያ ጥቂት ውኃ ይቅመሱ፤ ትን ካላቸው ወይም ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውኃ የያዘ ያህል ከሆነ ምግቡ ይቆይና ሐኪም ይመልከታቸው። ከተቻላቸው ለስላሳ ገንፎ፣ ወፈር ያለ አጥሚት፣ የራሰ ፍርፍር በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ። ኮላር ያደረገ ሰው ሣህኑን ማየት ስለማይችል የሚያጎርሳቸው ሰው ከዓይናቸው ፊት ይቀመጥ። ጾምና ስግደት በሚሆንበት ወቅት የሐኪሙ ቃል ብቻውን ላይሰማ ይችላል፤ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው እስኪድኑ ከስግደቱም ከጾሙም እንዲያርፉ ቢነግሯቸው ነገሩ ያለ ክርክር ያልቃል።

በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት ገደማ ፎቶ ይደገማል፤ በመጨረሻው ላይ፣ ሐኪም ባለበት ሕመምተኛው ራሳቸው በሚችሉት ልክ አቀርቅረውና ቀና ብለው የሚነሡት ራጅ መረጋጋቱን ያሳያል። በማንኛውም ጊዜ አዲስ የእጅ ድንዛዜ፣ ቁልፍ መቆለፍ ወይም ጉርሻ መጠቅለል ማቃት፣ የአካሄድ መንገዳገድ ወይም ሽንት መያዝ አለመቻል ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይመለሱ። ከዚህ ጎን ለጎን ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ይታሰባል፤ አሌንድሮኔት የሚሰጠው ግን በባዶ ሆድ ከብዙ ውኃ ጋር ውጠው ለግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለው መቀመጥ ለሚችሉ ብቻ ስለሆነ፣ መዋጥ እስኪስተካከል ይቆይ።

ሁለተኛ እንዳይወድቁ የደም ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ፤ ሲቆሙ የሚወርድ ከሆነ መድኃኒቱ ይከለስ። ዓይናቸው ሞራ ካለው ይታከም፤ ሌሊት ወደ ውጭ እንዳይወጡ ፖፖ ከአልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ፣ ባትሪ እጃቸው ከሚደርስበት ይኑር፤ ደፉና መደቡ አጠገብም የሚጨብጡት እንጨት ይተከል።